ከ31 የኮር ፋይል ሙከራዎች 12ቱ አዲሱ ማሽን ላይ ይወድቃሉ፤ ጥፋቱ የዲበገራችን ነው ወይስ የማሽኑ?

ባዶ_ጠቋሚ (ጎንደር፣ ፒያሳ) ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር ሦስት ሆነን ለተማሪዎች የምንሠራት አንዲት ትንሽ ዲበገር (የፕሮግራም ጥፋት መፈለጊያ መሣሪያ) አለች። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው። ፕሮግራም ክራሽ አድርጎ ሲሞት ትቶት የሚሄደውን ኮር ፋይል ከፍታ፣ በየትኛው መስመር ላይና በየትኛው ሲግናል (ሂደቱን በሚገድለው መልእክት) እንደሞተ፣ በዚያች ቅጽበትም ተለዋዋጮቹ ምን ይዘው እንደነበር በአማርኛ ትናገራለች። እንደ ታዋቂው ዲበገር እንደ ጂዲቢ ፕሮግራም አታስሮጥም፤ ብሬክፖይንትም (ፕሮግራሙን መሃል ላይ የሚያቆም ምልክት) አታውቅም።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል ልናገር። በእኛ አነጋገር ፕሮግራምም "ይወድቃል"፣ ሙከራም "ይወድቃል"። ባለፈው ሳምንት እኛው ሦስታችን በዚህ ምክንያት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ግማሽ ሰዓት ተከራክረናል። ስለዚህ እዚህ ላይ ፕሮግራም ሲሞት "ክራሽ አደረገ"፣ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ብቻ "ወደቀ" እላለሁ።

ችግሩ የሚከተለው ነው። የኮር ፋይል ሙከራዎቻችን 31 ሲሆኑ፣ ኡቡንቱ 20.04 በተጫነበት አሮጌ ማሽን ላይ ሁሉም ለሁለት ዓመት ያህል ሲያልፉ ኖረዋል። አሁን ኡቡንቱ 22.04 ወዳለበት ማሽን ተዛውረን ሙከራዎቹንም በዚያው ስሪት በተሠራ የዶከር ኮንቴነር (ከማሽኑ ተከልሎ የተለየ የማስኬጃ ቦታ) ውስጥ ማስኬድ ስንጀምር 12ቱ ወደቁ። ሰባቱ "ኮር ፋይል አልተገኘም" ይላሉ። ሁለቱ ኮር ፋይሉን ከፍተው ባክትሬሱን (ፋንክሽኖቹ አንዱ ሌላውን የጠሩበትን ዝርዝር) ካነበቡ በኋላ፣ ሜይን የተባለው ፋንክሽን በሚጠብቁት ፍሬም (የዝርዝሩ ተራ) ላይ ስለማይገኝ ይወድቃሉ። አንዱ ከአሮጌው ማሽን ቀድተን ያስቀመጥነውን ኮር ሲከፍት ከሁለተኛው ፍሬም ጀምሮ ጥያቄ ምልክት ብቻ ይደረድራል። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ያልፋሉ፣ ሌላ ጊዜ "በዚህ አድራሻ ያለው ማህደረ ትውስታ አይነበብም" ብለው ይወድቃሉ።

የሙከራው አካሄድ ቀላል ነው። አቦርትን (ፕሮግራሙን በሲግናል የሚገድለውን ፋንክሽን) የሚጠራ አጭር የሲ ፕሮግራም እናስሮጣለን፤ የመውጫ ቁጥሩ 134 መሆኑን፣ ማለትም 128 ሲደመር የሲግናሉ ቁጥር 6 መሆኑን እናረጋግጣለን፤ ከዚያም በዚያው ማውጫ ውስጥ ስሙ በ"ኮር" የሚጀምር ፋይል ፈልገን ለዲበገሯ እንሰጣታለን። 134 ሁልጊዜ ይመጣል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በእርግጥ እየሞተ ነው። ሬሳው ግን የለም።

የአዘዞ_ልጅ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ ይህ የታወቀ ነገር ነው። የኮር ፋይል መጠን ገደብ በብዙ ማሽኖች ላይ ሲጀመር ዜሮ ስለሆነ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ምንም አይጽፍም። ሙከራውን ከማስጀመርህ በፊት በዚያው ሼል ውስጥ በዩሊሚት ትእዛዝ ገደቡን ያልተወሰነ አድርገው። ጠንካራው ገደብም (የለስላሳው ጣሪያ) ዜሮ ከሆነ ለስላሳውን ብቻ ማንሳት ስለማይቻል ሁለቱንም ተመልከት።

ባዶ_ጠቋሚ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

አመሰግናለሁ። ይህን የመጀመሪያው ቀን ላይ ሞክሬዋለሁ፤ በዋናው ጽሑፍ ሳልጠቅሰው መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው። በኮንቴነሩ ውስጥ ለስላሳውም ጠንካራውም ያልተወሰነ ነው። ዲስኩም ባዶ ቦታ አለው፤ ማውጫው ውስጥ መጻፍም ይቻላል።

እትዬ_ከርነል ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ፣ አሥራ ሁለቱን ሙከራዎች እንደ አንድ በሽታ መያዝህን ተው። የነገርከን ምልክቶች አራት ዓይነት ናቸው፤ ምናልባትም አራት የተለያዩ ምክንያቶች አሏቸው። ኮር ፋይልን የሚነካ ሙከራ ሲወድቅ እኔ ዲበገሩን የምጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው። በመጀመሪያ ኮሩ ተወልዷል ወይ? ከተወለደ ሙሉ ነው ወይ? ሙሉ ከሆነ ከትክክለኛው ፕሮግራምና ከትክክለኛዎቹ ላይብረሪዎች ጋር ነው ወይ የሚነበበው? ሦስቱም "አዎ" ከሆኑ ብቻ የዲበገሩን ኮድ እከፍታለሁ።

በሰባቱ እንጀምር። በፕሮክ ማውጫ ሥር፣ ሲስ፣ ከዚያም ከርነል በሚባለው ውስጥ "ኮር ፓተርን" የሚባል ፋይል አለ። ከርነሉ ኮሩን በምን ስም የት እንደሚጽፍ የሚያነበው ከዚያ ነው። የፋይሉ የመጀመሪያ ምልክት ቀጥ ያለችው መስመር "|" ከሆነች፣ ከርነሉ ፋይል አይጽፍም፤ ከምልክቷ ቀጥሎ የተጻፈውን ፕሮግራም አስነሥቶ ኮሩን በቧንቧ ያቀብለዋል። በኡቡንቱ ላይ ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ አፖርት የሚባለው የክራሽ ሪፖርት ሰብሳቢ ነው፤ በሌሎች ስርጭቶች ላይ የሲስተምዲው ኮርዳምፕ ነው። የአዘዞው ልጅ የጠቀሰው ገደብ ደግሞ በቧንቧ ለሚላክ ኮር አይሠራም፤ ስለዚህ ዩሊሚትን ብታነሣውም ብትጥለውም ለውጥ አታይም።

ኮንቴነር መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያጠማዝዘዋል። ኮር ፓተርን ለየኮንቴነሩ የሚለያይ ቅንብር አይደለም፤ ከርነሉ አንድ ስለሆነ ቅንብሩም አንድ ነው። ከውስጥ ስታነበው የምታየው የሆስቱን (ኮንቴነሩን የተሸከመውን ማሽን) ነው። ቧንቧውን የሚቀበለው ፕሮግራም የሚነሣውም በኮንቴነሩ ውስጥ ሳይሆን በሆስቱ ላይ ነው። አንተ በኮንቴነሩ ማውጫ ውስጥ ስትፈልግ፣ ኮሩ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። በሆስቱ ላይ በቫር፣ ሎግ በሚባለው ሥር ያለውን የአፖርት ሎግ ክፈትና ፕሮግራምህ በሞተባቸው ሰዓቶች የተጻፈ ነገር ካለ ንገረን።

እግረ መንገዴን ላስጠንቅቅ። እዚህ ላይ ማንም ሰው ኮር ፋይሉን እንዳለ እንዳይለጥፍ። ኮር የፕሮግራሙ ማህደረ ትውስታ ነው፤ የይለፍ ቃልም የደንበኛ ስልክ ቁጥርም ውስጡ ሊኖር ይችላል።

ባዶ_ጠቋሚ ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡50

እትዬ፣ እንዳሉት ነው። ፋይሉ በ"|" ይጀምራል፤ ቀጥሎም የአፖርት አድራሻ አለ። የሆስቱን ሎግ ስከፍት ደግሞ ትናንት ማታ ሙከራዎቹን ካስኬድኩበት ደቂቃ ጀምሮ አፖርት ለእያንዳንዱ ክራሽ አንዳንድ መልእክት ጽፎ፣ ሂደቱ በኮንቴነር ውስጥ የነበረ መሆኑን ጠቅሶ አልፎታል። ሦስት ቀን ሙሉ ዲበገሯን ስወቅስ የከረምኩት በከንቱ ነበር።

ታዲያ አሮጌው ማሽንም ኡቡንቱ ሆኖ ሳለ ለምን ይሠራ ነበር ብዬ ሄጄ አየሁት። ኢቲሲ ማውጫ ሥር፣ በሲስሲቲኤል (የከርነል) ቅንብሮች መካከል፣ "ኮር" የሚል አንዲት ቃል ብቻ ለኮር ፓተርን የሚሰጥ የአንድ መስመር ፋይል አገኘሁ፤ አፖርትም ጨርሶ ተነቅሏል። ከሁለት ዓመት በፊት ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረ፣ አሁን ባሕር ዳር ያለ ልጅ ያደረገው ነው። ለማንም አልተናገረም፤ የትም አልተጻፈም። ስደውልለት "እኔ እንዲያውም የተባረርኩበት ማሽን መስሎኝ ነበር" ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን በአዲሱ ሆስት ላይ ፓተርኑን "ኮር" ነጥብ የሂደቱ መለያ ቁጥር አድርጌዋለሁ። ሰባቱም አለፉ። በፓተርኑ ውስጥ ትንሿን ፒ (%p) ነው የተጠቀምኩት፤ እርስዋ የሂደቱን ቁጥር በኮንቴነሩ ውስጥ በሚታወቅበት ትሰጣለች፤ ትልቋ ፒ (%P) የሆስቱን ቁጥር ስለምትሰጥ የሙከራ ኮዳችን ከሚያውቀው ቁጥር ጋር አትገጥምም።

እትዬ_ከርነል ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ደግ ነው። ነገር ግን ሙከራው ራሱም ይታረም። ኮር ሊወለድ በማይችልበት ማሽን ላይ "ወደቀ" የሚል ሙከራ የሌለ ጥፋት እየመሰከረ ነው። የጂዲቢን የሙከራ ስብስብ ተመልከቱ፤ ዴጃግኑ በሚባለው መሣሪያ የተሠራ ነው፤ "ወደቀ" ከሚለው ውጤት ሌላ "አልተሞከረም" እና "እዚህ አይደገፍም" የሚሉ የተለዩ ውጤቶች አሉት። ኮር ማስወለድ ካልቻለም ዩሊሚትን ተመልከት ብሎ አስጠንቅቆ እነዚያን ሙከራዎች ይተዋቸዋል። የእናንተም ከመጀመሩ በፊት ኮር ፓተርንን ያንብብ፤ በ"|" ከጀመረ ያንኑ ይናገርና ይለፍ።

ክምር (ማራኪ) ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

በሁለቱ የፍሬም ሙከራዎች ላይ እኔ ልግባ፤ ባለፈው ክረምት ጣቴን ያቃጠለኝ ነገር ነው። ሙከራዎቻችሁ ሜይንን የሚጠብቁት በፍሬም ቁጥር 2 ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ተሳሳትኩ?

ባዶ_ጠቋሚ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡25

አልተሳሳትክም። በቁጥር 2 ላይ ይጠብቃሉ፤ አሁን ግን ቁጥር 3 ላይ ነው የሚገኘው። ነገሩን የበለጠ ግራ ያጋባብኝ፣ ይኸው ኮር በጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ሜይን ቁጥር 5 ላይ መታየቱ ነው።

ክምር ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ኡቡንቱ 20.04 የሚጠቀመው ግሊብሲ (ሊብሲ የምንለው ዋናው የሲ ላይብረሪ) 2.31ን ነው። በዚያ ላይ አቦርት ሲጠራ ሬይዝ የሚባለው ፋንክሽን ሲግናሉን በቀጥታ ወደ ከርነሉ ይልካል። ስለዚህ ዜሮ ሬይዝ፣ አንድ አቦርት፣ ሁለት ሜይን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ግሊብሲ 2.34 ግን ለብቻው የነበረው የፒትሬድ ላይብረሪ ወደ ዋናው ሊብሲ ተጠቃለለ። ኡቡንቱ 22.04 የያዘው 2.35 ሲሆን፣ እዚያ ሬይዝ ሥራውን ለፒትሬድ ኪል አሳልፎ ይሰጣል። አንድ ፎቅ ተጨመረ ማለት ነው፤ ሜይንም ወደ 3 ወረደ።

የጓደኛህ ላፕቶፕ 5 የሚለው የሊብሲ ዲበግ መረጃ (የፋንክሽኖቹን ስምና መስመር የሚናገር ተጨማሪ ፋይል) ስለተጫነበት ነው። ፒትሬድ ኪል በውስጡ ኮምፓይለሩ አንዱን በሌላው ውስጥ ያቀለጣቸው ሁለት ፋንክሽኖች አሉት፤ ዲበግ መረጃ ሲኖር ዲበገሩ እነርሱንም እንደየራሳቸው ፍሬም ያሳያቸዋል፤ ከሌለ ሦስቱም አንድ ሆነው ይታያሉ። በሌላ አነጋገር ሙከራችሁ የሚለካው የእናንተን ኮድ ሳይሆን፣ በማሽኑ ላይ የትኛው የሊብሲ ስሪት እንዳለና ማን ዲበግ መረጃ እንደጫነ ነው። የፍሬም ቁጥር መቁጠሩን ተዉትና ሜይን የሚባለውን ስም ፈልጉ፤ ከእርሱ በላይ አቦርት መኖሩን ብቻ አረጋግጡ።

ጀማሪ_ነኝ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ይቅርታ፣ በመሃል ስለገባሁ። ኮር ፋይል የፕሮግራሙ ማህደረ ትውስታ ሙሉ ቅጂ ከሆነ፣ ሊብሲም በማህደረ ትውስታ ውስጥ ስለነበረ ኮሩ ውስጥ መኖር የለበትም እንዴ? ታዲያ አንዱ ሙከራ ጥያቄ ምልክት የሚደረድረው ለምንድን ነው?

እትዬ_ከርነል ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ልጄ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ጥያቄ አይደለም፤ ቁልፉን ነው የነካኸው። ኮር ሙሉ ቅጂ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሂደት "ኮርዳምፕ ፊልተር" የሚባል የቢቶች ስብስብ አለ፤ ሲጀመር ዋጋው በሄክስ 33 ነው። ይህ ማለት ስታኩና ሂፑ፣ ማለትም ከየትኛውም ፋይል ጋር ያልተያያዘው ማህደረ ትውስታ ይጻፋል። ከዲስክ ላይ እንዳለ የተነበበው የላይብረሪ ኮድ ግን አይጻፍም፤ በዲስክ ላይ ስላለ መድገሙ ቦታ ማባከን ነው ተብሎ ነው። ከየላይብረሪው የሚጻፈው የመጀመሪያው ገጽ፣ 4,096 ባይት፣ ብቻ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ቢልድ አይዲ የሚባለው የላይብረሪው የጣት አሻራ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ ዲበገሩ አሻራውን ከኮሩ አንብቦ፣ በዲስክ ላይ ያለው ላይብረሪ ያው መሆኑን አመሳክሮ፣ የጎደለውን ከዚያ ያነባል።

እንግዲህ ባዶ ጠቋሚ፣ ያ የተቀዳው ኮር ከ20.04 የመጣ ነው፤ የምትከፍተው 22.04 ላይ ነው። ሁለቱን አሻራዎች አስተያይና ንገረን። የኮሩን የክፍሎች ሠንጠረዥም ተመልከተው።

ባዶ_ጠቋሚ ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡45

ትናንት ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀምጬ አየሁት፤ ያየሁትን በዝርዝር አስቀምጣለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛው ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለቱ አሻራዎች 40 የሄክስ ምልክቶች ያሏቸው ሲሆኑ ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ ይለያያሉ። ዲበገራችንም ይህን በትክክል ታውቃለች፤ አዲሱን ሊብሲ "የተለየ ነው" ብላ ትተወዋለች። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ናት። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ኮሩ ትመለሳለች።

በኮሩ የክፍሎች ሠንጠረዥ ላይ ሊብሲን የሚመለከቱትን መስመሮች በወረቀት ገልብጫቸዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍል በፋይሉ ውስጥ ያለው ርዝመት 4,096፣ በማህደረ ትውስታ የነበረው ርዝመት 151,552 ነው። ሁለተኛው፣ ኮዱ ራሱ፣ በፋይሉ 0፣ በማህደረ ትውስታ 1,540,096። ሦስተኛው በፋይሉ 0፣ በማህደረ ትውስታ 303,104። ስታኩን ወደ ኋላ ለመፍታት የሚያስፈልገው ሠንጠረዥ የሚገኘው በዚህ በሦስተኛው ውስጥ ነው።

በዲበገሯ ኮድ ውስጥ ክፍሎችን የሚያነበውን ፋንክሽን ስከፍት ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ እጄ የጻፍኩትን አገኘሁ፦ በፋይሉ ያለው ርዝመት ከማህደረ ትውስታው ካነሰ፣ ቀሪውን በዜሮ ሙላ። ይህ ሕግ ለሚሮጥ ፕሮግራም ፋይል ትክክል ነው፤ ዋጋ ያልተሰጣቸው ተለዋዋጮች የሚወለዱት እንዲህ ነው። ለኮር ፋይል ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ "ይህ ክፍል ነበረ፣ እኔ ግን አልጻፍኩትም" ማለት ነው። እኔ "አልጻፍኩትም" የሚለውን "ዜሮ ነበር" ብዬ አንብቤዋለሁ። ዲበገሯ 303,104 ዜሮዎችን እንደ ሠንጠረዥ እያነበበች፣ በውስጡ ምንም ስላላገኘች ጥያቄ ምልክት ትደረድራለች። በአሮጌው ማሽን ላይ ትክክለኛው ሊብሲ ሁልጊዜ በዲስክ ላይ ስለነበረ ይህ መንገድ አንድም ቀን ተረግጦ አያውቅም።

እትዬ_ከርነል ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይህን ማግኘትህ ሌሎቹን አሥራ አንዱን ይክሳል። ሰባቱን ለማሳለፍ ብለህ ወደ አሮጌው ማሽን ተመልሰህ ቢሆን ኖሮ ይህ ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ ተማሪውም አንድ ቀን ተለዋዋጩ ዜሮ ነው ተብሎ ያምን ነበር፤ ዜሮ ሳይሆን የማይታወቅ ሆኖ ሳለ። ያልተጻፈውን "የለም" የሚል ራሱን የቻለ መልስ ስጠው እንጂ በዜሮ አትሙላው።

የተቀዳውን ኮር በተመለከተ፣ ኮርን ለብቻው ማስቀመጥ ግማሽ ሥራ ነው። ፕሮግራሙን፣ ሊብሲን እና ላይብረሪ ጫኙን አብራችሁ በአንድ ማውጫ አስቀምጡ፤ ሁሉም ተደምረው ጥቂት ሜጋባይት ናቸው። ዲበገሯም መጀመሪያ እዚያ ትፈልግ። በጂዲቢ ሲስሩት የሚባለው ቅንብር ለዚሁ ነው። ሌላ ሙከራ ደግሞ ጨምሩ፤ ላይብረሪዎቹ ሆን ተብለው የሌሉበት፣ ዲበገሯም "የለም" ማለቷን የሚያረጋግጥ።

ክምር ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡10

ስለ መቅዳት ከተነሣ፣ የእኔን ስሕተት አትድገሙ። ከማራኪ ወደ ፒያሳ አንድ ትልቅ ኮር በፍላሽ ይዤ ወርጄ ነበር፤ በስልክ ዳታ ልላከው ብል የወር ጥቅሌን ይጨርሰዋል። ከርነሉ ኮርን ወደ ፋይል ሲጽፍ ያልተነኩ ገጾችን ይዘላቸዋል፤ ስለዚህ ፋይሉ ክፍተት ያለው ይሆናል፤ ርዝመቱ 6 ጊጋባይት ሆኖ በዲስክ ላይ የሚይዘው ከ200 ሜጋባይት ያነሰ ነበር። ፍላሹ ግን ፋት 32 ነው። ፋት 32 ክፍተት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይልም አይቀበልም። ቅጂው 4 ጊጋ ላይ ቆመ፤ የስሕተት መልእክቷ በስክሪኑ ላይ ብልጭ ብላ አለፈች፤ እኔም ሳላያት ነቅዬው ሄድኩ። ፒያሳ ደርሼ ጂዲቢ "ፋይሉ ተቆርጧል" ሲለኝ ጂዲቢን ነበር የተጠራጠርኩት። ከዚያ ወዲህ ታር በሚባለው ፋይል ማሰሪያ፣ ክፍተት እንዲያከብር በሚያደርገው አማራጭ፣ አስሬ ጨምቄ ነው የምይዘው።

ባዶ_ጠቋሚ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ክምር፣ ሳታስበው የቀሩትን ሁለቱን ፈታህልኝ።

አንድ ጊዜ የሚያልፉት፣ ሌላ ጊዜ የሚወድቁት ሁለቱ ሙከራዎች ብዙ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) ከፍተው 256 ሜጋባይት ያህል ማህደረ ትውስታ ዜሮ ባልሆነ ዋጋ ከሞሉ በኋላ ክራሽ የሚያደርጉ ናቸው። እኔ የትሬዶች ሽሚያ ነው ብዬ ሁለት ቀን ኮድ ሳነብ ነበር። ትናንት ማታ ግን የአንተን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ፣ በወደቀ ጊዜ የተወለደውን ኮር ሳይጠፋ ያዝኩትና ከክፍሎቹ ሠንጠረዥ ላይ የመጨረሻውን ክፍል መነሻ ከርዝመቱ ጋር ደመርኩ። ፋይሉ ቢያንስ 285,212,672 ባይት መሆን ነበረበት። የተገኘው 247,463,936 ነው። 36 ሜጋባይት ጎድሏል።

ምክንያቱ ወዲያው ታየኝ። ሙከራዎቹ የሚሠሩበት ማውጫ በማህደረ ትውስታ ላይ የተሠራ፣ 512 ሜጋባይት ገደብ የሰጠሁት ጊዜያዊ ዲስክ ነው። ሙከራዎቹን አራት አራት አድርገን ጎን ለጎን እናስኬዳቸዋለን። ሁለቱ ትልልቆች በተለያየ ጊዜ ከወጡ ቦታው ይበቃል፤ ከተገጣጠሙ ግን ሁለት ጊዜ 272 ሜጋባይት 544 ስለሆነ፣ ዘግይቶ የጀመረው ኮር ቦታ ሲያልቅ ባለበት ይቆረጣል። ያልጠፉት ትንንሽ ፋይሎች የያዙት 4 ሜጋባይት ሲጨመር ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ባይት ገጥሟል፤ ይህን ሳይ በእውነቱ ደስ ብሎኛል።

የአዘዞ_ልጅ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡05

የማውጫውን ገደብ ወደ 2 ጊጋ ከፍ ብታደርገው ያልቃል ማለት ነው። ዲበገሯ ግን እዚህስ ጥፋት የለባትም?

ባዶ_ጠቋሚ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡00

ገደቡን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ሁለቱ ትልልቆችም ከእንግዲህ ተራ በተራ ይሄዳሉ። የዲበገሯ ጥፋት የመልእክቷ ነው። "ማህደረ ትውስታው አይነበብም" ስትለኝ እኔ አድራሻው የተበላሸ መሰለኝ። አሁን ኮሩን ስትከፍት አስቀድማ ርዝመቱን ታሰላለች፤ ፋይሉ ካጠረ ስንት ባይት እንደጎደለ ትናገራለች። በመልእክቱ ቃል ላይ ግን አልተስማማንም። አንዱ ጓደኛዬ "ቁርጥ ኮር" እንበለው ይላል።

ክምር ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡20

"ቁርጥ" ካላችሁት ተማሪው ሚጥሚጣ ፍለጋ ይሄዳል። "ኮር ፋይሉ ሙሉ አይደለም፤ መጨረሻው ጎድሏል" በሉት።

እትዬ_ከርነል ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00

የክምር ይሻላል። "ሙሉ አይደለም" የሚለውን ግን ከፊልተሩ የተነሣ ላልተጻፈው ክፍል አትጠቀሙበት። እርሱ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ይህኛው የጠፋ ነው። ለሁለቱ ሁለት መልእክት ይኑር።

ባዶ_ጠቋሚ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ትናንት ሌሊት መብራት ሄዶ ማሽኑ ጠፋ፤ ንጋት ላይ ሲመለስ በራሱ ተነሣ። ጠዋት ሙከራዎቹን ሳስኬድ ሰባቱ እንደገና አላለፉም። በዚህ ጊዜ ግን "ወደቀ" አላሉም። "እዚህ አይደገፍም፦ ኮር ፓተርን በ'|' ይጀምራል" የሚል መልእክት ሰባት ጊዜ ተደርድሯል።

በሲስሲቲኤል ማውጫ ያስቀመጥኩት ፋይል በቦታው አለ። ሆኖም ማሽኑ ሲነሣ በመጀመሪያ የእኔ ቅንብር ይነበባል፤ ቆይቶ የአፖርት አገልግሎት ሲጀምር የራሱን ቧንቧ ከላዩ ይጽፍበታል። የባሕር ዳሩ ልጅ አፖርትን ጨርሶ የነቀለው ለካ ለዚህ ነበር። እኔ አገልግሎቱን አቁሜ ዳግም እንዳይነሣ አድርጌዋለሁ፤ ማሽኑንም ሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አስነሥቼ አየሁት።

አሁን ያልተሟላ ኮርን እና የሌለ ላይብረሪን የሚፈትኑት ሁለቱ ተጨምረው 33 ሙከራዎች ሆነዋል፤ ሁሉም ያልፋሉ። በቅንብር ፋይሉ አናት ላይም ለምን እንደተጻፈ፣ አፖርት ለምን እንደቆመና ማን እንዳቆመው በአራት መስመር አማርኛ አስፍሬያለሁ። ይህን ውይይት መዝጋት ይቻላል።